ዓይኑ ያልተታለለው ሰው፦ የኤስ. ቢ. ጉዳይ

ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ አንድ አሮጌ ቶርኖ አለ። እንግሊዛዊው መካኒክ ሄንሪ ሞድስሊ በ1800 እ.ኤ.አ. ገደማ የሠራው፣ የብሎን ጥርስ የሚያወጣ ማሽን ነው። በ1959 አንድ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ጫማ ጠጋኝ በዚህ ማሽን ፊት ቆመ። የእጅ መሣሪያ ነፍሱ ነው፤ ቶርኖ የሚባለውን ነገር ለማየት ለዓመታት ሲመኝ ኖሯል። ማሽኑ ግን በመስታወት ሣጥን ተዘግቶ ስለነበር መንካት አይቻልም። ምን እንደሚያይ ሲጠየቅ፣ ለእርሱ የቀረበው ክፍል እጀታ ሳይሆን አይቀርም ከማለት በቀር አንድም ነገር መናገር አቃተው። ብረቱ የሚቆረጥበት ቦታ አይታየኝም ብሎም ተበሳጨ።

ብርሃኑ በቂ ነበር። ዓይኑም ያያል። ማሽኑም ፊት ለፊቱ ነው።

ሣጥኑ ተከፈተለት። ሰውየው ዓይኑን ጭፍን አድርጎ እጆቹን በማሽኑ ላይ አሳለፈ፤ በጉጉት፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያም ጥቂት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ዓይኑን ገለጠና «አሁን ስለዳሰስኩት ይታየኛል» አለ። የማሽኑን ክፍሎችም አንድ በአንድ እየጠቀሰ እንዴት እንደሚሠሩ ማስረዳት ጀመረ።

እኛ በአማርኛ «ዳስሰህ እየው»፣ «ቅመሰውና እየው»፣ «አሽትተህ እየው» እንላለን። ስንለው ማንም ቃሉን ልብ አይለውም፤ «እየው» ማለት እዚህ ላይ «ሞክረው» ማለት ነው ብለን እናልፋለን። ለዚህ ሰው ግን «ዳስሰህ እየው» የአነጋገር ዘይቤ አልነበረም። ቃል በቃል የሆነበት ነገር ነው።

በሥነ ልቦና ጽሑፎች ውስጥ የሚታወቀው በስሙ መነሻ ፊደላት ነው፤ ኤስ. ቢ. ይባላል። የእይታ ሳይንስ ተማሪዎች ሁሉ ስለ እርሱ ይማራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገርለት ሃምሳ ዓመት ሙሉ ታውሮ ኖሮ ዓይኑ እንደበራለት ሰው ነው። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ሌላ ነው። ኤስ. ቢ. ሌሎቻችን በየቀኑ የምንታለልባቸው ሥዕሎች ያላታለሉት ሰው ነው። ሁሉም ሰው «መስመሩ ጎብጧል» በሚልበት ቦታ እርሱ «ቀጥ ያለ ነው» አለ። ልክም ነበር። ያ ልክነቱ ግን ምን ያህል እንዳስከፈለው ከዚህ በታች ይታያል።

ዓይኑ ከመብራቱ በፊት

ኤስ. ቢ. በ1906 በእንግሊዝ ተወለደ። ገና የአሥር ወር ሕፃን ሳለ በበሽታ ምክንያት የሁለቱም ዓይኖቹ ብሌን ተበላሽቶ ጭጋግ ለበሰ። ከዚያ በኋላ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ብዙም ያለፈ እይታ አልነበረውም። በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬይል ተማረ፤ የጫማ ጥገና ሙያም ያዘ። በጓሮው በምትገኝ መሥሪያ ክፍል ውስጥ በእጁ ዕቃ ይሠራ ነበር። አንድ ወዳጁ ትከሻውን ይዞለት ብስክሌት ይጋልባል። የእህቱን ባል መኪና ሲያጥብ፣ በእጁ ስር የሚያልፈውን ቅርጽ በሐሳቡ ለመሳል ይጥር እንደነበር ተናግሯል። መንገድ ሲያቋርጥም ደፋር ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት አንድ ሌላ ነገርም ተምሯል፤ ያኔ ማንም ቁም ነገር ያላለው፣ በኋላ ግን የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ የሆነ ነገር ነው። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ መልክ አለው። ልጆቹ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን እየዳሰሱ ይለማመዱ ነበር፤ የተቀረጹላቸው ግን ትልልቆቹ ብቻ ነበሩ። ትንንሾቹን ኤስ. ቢ. በጣቱ ነክቷቸው አያውቅም።

በታኅሣሥ 9 ቀን 1958 አንደኛው ዓይኑ፣ በጥር 1 ቀን 1959 ደግሞ ሁለተኛው የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ተደረገለት፤ ቀኖቹም ሆኑ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያው ፋሻ ሲፈታ ከፊቱ የሐኪሙን ድምፅ ሰማ። ወደ ድምፁ ሲዞር ያየው ብዥ ያለ ነገር ነበር። ድምፅ የሚወጣው ከሰው ፊት መሆኑን ስለሚያውቅ ይህ ብዥታ ፊት መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። ድምፁ ባይኖር ኖሮ ፊት መሆኑን አላውቅም ነበር ሲል ራሱ ተናግሯል።

ይህን ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። ስለ ዓይነ ስውር መፈወስ የምንሰማቸው ታሪኮች ሁሉ ፋሻው ሲፈታ ያበቃሉ፤ ሰውየው የእናቱን ፊት ያያል፣ ያለቅሳል፣ አለቀ። ኤስ. ቢ. የመጀመሪያውን ፊት ያየው ግን በጆሮው ነው።

ምርመራው

ያን ጊዜ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ግሪጎሪ ዜናውን በጋዜጣ ላይ አነበበ። ከባልደረባው ከጂን ዋላስ ጋር የመመርመሪያ ዕቃዎቻቸውን መኪና ላይ ጭነው ወደ ሆስፒታሉ ገሰገሱ። ኤስ. ቢ.ን ሲያገኙት ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ሰባት ሳምንት ገደማ ሆኖታል። ዝርዝር ዘገባቸው የታተመው በ1963 ነው።

ሲያዩት እንደ ማንኛውም ሰው ይመስል ነበር። በኮሪደሩ ግድግዳ ሳይነካ ይሄዳል፣ በር ያልፋል። ቁጭ ሲል ግን ልዩነቱ ወጣ። እኛ አዲስ ክፍል ስንገባ ዓይናችን ሳናዝዘው ይዞራል፤ ግድግዳውን፣ ወንበሩን፣ ሰዉን ይቃኛል። የእርሱ ዓይን አይቃኝም። አንድን ነገር የሚያየው እንዲያይ ሲነገረው ብቻ ነበር።

እነ ግሪጎሪ የተቻኮሉበት ምክንያት አንድ ጥንታዊ ጥያቄ ነው። ዊልያም ሞሊኑ የተባለ የደብሊን ሊቅ በ1688 ለፈላስፋው ለጆን ሎክ ደብዳቤ ጻፈ። ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ ከተወለደ ጀምሮ ዕውር የሆነ ሰው ኳስንና ኪዩብን በመዳሰስ መለየት ይችላል እንበል፤ ድንገት ዓይኑ ቢበራ፣ ሳይነካ በማየት ብቻ የትኛው ኳስ የትኛው ኪዩብ እንደሆነ ያውቃል? የሞሊኑ ሚስት ዓይነ ስውር ነበረች፤ ጥያቄው ለእርሱ የፍልስፍና ጨዋታ ብቻ አልነበረም። እርሱም ሎክም መልሳቸው «አያውቅም» ነበር። ነገር ግን ሁለቱም መልሱን ሞክረው አላረጋገጡም።

ኤስ. ቢ. ያስደነገጣቸው እዚህ ላይ ነው። በግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት ስንት እንደሚል ሲጠየቅ መለሰ። ማን አስተማረህ ሲሉት ከኪሱ መስታወት የሌለው ትልቅ ሰዓት አወጣና ጠቋሚዎቹን በጣቱ እየነካ ሰዓት እንዴት እንደሚያውቅ አሳያቸው። ለዓመታት ሲያደርገው የኖረው ነው። ትልልቆቹን ፊደላት በዓይኑ አነበበ፤ ትንንሾቹን ማንበብ አልቻለም። የአንድ መጽሔት ስም አነበበላቸውና እንዴት እንዳወቀ ሲጠይቁት፣ የለየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ ነው፤ የቀረውን ገመትኩት አለ። ግሪጎሪ ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ሙሉ የሚሰብከው ነገር በዚህች መልስ ውስጥ አለ፤ ማየት ማለት ከጥቂት ፍንጭ ተነስቶ የቀረውን መገመት ነው።

እጁ የሚያውቀውን ዓይኑ ወዲያው አወቀ። እጁ ያላገኘውን ዓይኑም አላገኘውም። ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ቀን በኋላ በመስኮት ጨረቃን አይቶ ምን እንደሆነች ጠየቀ። ሲነገረው ቅርጿ አስገረመው፤ ሩብ ጨረቃ ሲባል እንደተቆረሰ ሩብ ኬክ ትመስለኝ ነበር አለ። ጨረቃን ማን ዳስሶ ያውቃል?

ርቀትም እንደዚያው ነበር። በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ርቀት ደህና አድርጎ ይገምታል፤ ተራምዶባቸዋልና። ከሆስፒታሉ መስኮት ወደ ታች ሲመለከት ግን፣ በእጆቹ ተንጠልጥሎ ቢወርድ እግሩ መሬት የሚነካ መሰለው። መሬቱ ግን ከአሥር ሜትር ባላነሰ ርቀት ላይ ነበር። ቁልቁል የሆነን ርቀት በእግር ተራምዶ የለካው የለም፤ ለዚያ ነው ዓይኑ ምንም ያልነገረው።

ያላታለሉት ሥዕሎች

ከዚህ በኋላ ሥዕሎቹ ቀረቡ። ኤቫልድ ሄሪንግ የተባለው ጀርመናዊ በ1861 ያወጣው ሥዕል ቀላል ነው፤ እርስዎም በወረቀት ሊሞክሩት ይችላሉ። ከአንድ ነጥብ በዙሪያው እንደ ፀሐይ ጨረር ብዙ መስመሮችን ያውጡ። ከዚያ በማስመሪያ ሁለት ቀጥ ያሉ ትይዩ መስመሮችን፣ አንዱን ከነጥቡ በላይ አንዱን ከነጥቡ በታች፣ በጨረሮቹ ላይ ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች መሐላቸው ላይ ወደ ውጭ የተነፉ ይመስላሉ። ማስመሪያውን መልሰው ቢያስጠጉ ቀጥ ናቸው፤ ማስመሪያውን ሲያነሱ እንደገና ይጎብጣሉ። ኤስ. ቢ. አይቶት ቀጥ ናቸው አለ።

የኔከር ኪዩብ ቀጠለ። ስዊዘርላንዳዊው ሉዊ ኔከር የክሪስታል ሥዕሎችን ሲመረምር ቆይቶ በ1832 የጻፈበት ነው፤ በአሥራ ሁለት መስመሮች ብቻ የተሣለ፣ ውስጡ የሚታይ ሣጥን። ትኩር ብለው ሲያዩት የፊተኛው ገጽ ድንገት የኋላ ይሆናል፤ ደግሞ ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ለኤስ. ቢ. አልተገለበጠም። ጭራሽ ሣጥንም አልሆነለትም፤ ጠፍጣፋ መስመሮች ነበሩ።

ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው? ወረቀቱ ጠፍጣፋ ነው፤ መስመሮቹም ቀጥ ናቸው። በፍርድ ቤት የዓይን ምስክር ቢያስፈልግ ታማኙ እርሱ በሆነ ነበር።

ለምን እኛ እንደምንታለል ለመረዳት ከዓይን ወደ አንጎል ምን ያህል ጥቂት ነገር እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዓይን ጀርባ ያለው ሬቲና ከመቶ ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። ወደ አንጎል የሚሄደው የእይታ ነርቭ ግን አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች ብቻ ናቸው ያሉት። አጥርቶ የሚያየው የሬቲና ክፍል፣ እጅዎን ዘርግተው የአውራ ጣትዎን ጥፍር ቢያዩ ጥፍሩ ከሚሸፍነው ቦታ እምብዛም አይበልጥም። የቀረው ሁሉ ብዥታ ነው። የእይታ ነርቩ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ላይ ደግሞ ጭራሽ ተቀባይ ሕዋስ የለም።

ይህን አሁኑኑ መሞከር ይቻላል። ግራ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሁለት እጆችዎን ወደ ፊት ዘርግተው አውራ ጣቶችዎን ጎን ለጎን ያቁሙ። ቀኝ ዓይንዎን ከግራ አውራ ጣት ላይ ሳያነቃንቁ ቀኝ አውራ ጣትዎን ቀስ እያሉ ወደ ቀኝ ያርቁት። አንድ ስንዝር ገደማ ሲደርስ የጣቱ ጫፍ ይጠፋል። የሚገርመው መጥፋቱ አይደለም። በቦታው ጥቁር ቀዳዳ አለመታየቱ ነው። ከበስተኋላው ያለው ግድግዳ ነጭ ከሆነ ነጭ ሆኖ ይሞላል፤ ሰማያዊ ከሆነ ሰማያዊ። አንጎል ያላየውን ግድግዳ ቀብቶ ያቀርብልዎታል፤ ሲያደርገው የኖረውም ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ነው።

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን «ሳይታወቅ የሚደረግ ድምዳሜ» ብሎ ጠራው። ግሪጎሪ ሐሳቡን አጠናክሮ እይታ መላ ምት ነው አለ። የሚወደው ማሳያ የፊት ጭምብል ነበር። ጭምብሉን በውስጥ በኩል፣ በጎድጓዳው በኩል ራቅ ብለው ቢያዩት አፍንጫው ወደ እርስዎ የወጣ ሙሉ ፊት ሆኖ ይታያል። ጎድጓዳ መሆኑን ያውቃሉ፣ ራስዎ ነዎት የገለበጡት፣ ምንም አይረዳም። አንጎልዎ በዕድሜው ሙሉ ያየው ወደ ውጭ የወጣ ፊት ነው፤ ጎድጓዳ ፊት የሚባል ነገር አለ ብሎ አይቀበልዎትም። ዕውቀትዎ አንድ ቦታ ቁጭ ብሏል፤ እይታዎ ሌላ ቦታ ሥራውን ይሠራል፤ ሁለቱ አይነጋገሩም።

የዓይን ብቻ ነገር እንዳይመስል አንድ ልጨምር። ክብደታቸው እኩል የሆኑ፣ በመጠን ግን የሚለያዩ ሁለት ሣጥኖችን በየተራ ቢያነሱ ትንሹ የከበደ ይመስላል። እጅ ገና ሳያነሳ ትልቁ ይከብዳል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበርና፣ ትልቁ ሳይታሰብ ቀለለ። ሚዛን ላይ አስቀምጠው እኩል መሆናቸውን ካዩ በኋላም ትንሹ እንደከበደ ይቀጥላል።

በዚህ አመለካከት የዓይን ማታለያ የሚባለው ነገር የዓይን ድክመት አይደለም። ሌላ ጊዜ ሁሉ በትክክል የሚገምት አንጎል፣ ግምቱ የማይሠራበት ወረቀት ሲቀርብለት የሚያደርገው ነው። ወደ አንድ ነጥብ የሚሰበሰቡ መስመሮች በዓለም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ርቀትን ያሳያሉ፤ እንደ ረጅም መንገድ ወይም እንደ ባቡር ሐዲድ። አንጎል ይህን ለምዶ በሄሪንግ ሥዕል ላይም ይሠራበታል። ኤስ. ቢ. አልተታለለም፤ ምክንያቱም የሚገምትበት ስንቅ አልነበረውም። ከሄሪንግ ሥዕል ያዳነው ነገር ከመስኮቱ ወደ ታች ሊጥለው የነበረው ያው ነገር ነው።

ግሪጎሪን የምጠይቀው

እስከዚህ ያለው ውብ ነው፤ ለረጅም ጊዜም እንደ መጨረሻ ቃል ሲወሰድ ኖሯል። ሁለት ነገሮች ግን አያስተኙም።

አንደኛው ጊዜው ነው። ሞሊኑ የጠየቀው ዓይኑ በተከፈተበት ቅጽበት ስለሚሆነው ነው። እነ ግሪጎሪ የደረሱት ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። በ2011 በእይታ ተመራማሪው በፓዋን ሲንሃ የሚመራው ቡድን በሕንድ ከልደታቸው ጀምሮ ማየት የማይችሉና በሕክምና ዓይናቸው የበራ አምስት ልጆችን ፈትኖ ውጤቱን አሳትሟል። ልጆቹ ወዲያው ሲፈተኑ በእጃቸው የዳሰሱትን ዕቃ በዓይናቸው መለየት አልቻሉም ማለት ይቻላል፤ ሞሊኑና ሎክ ልክ ነበሩ። ነገር ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መለየት ጀመሩ። እንግዲህ ሰባት ሳምንት ብዙ ነው። የኤስ. ቢ. ዓይን ከእጁ ጋር ለመስማማት በቂ ጊዜ ነበረው። ትልልቆቹን ፊደላት አንብቦ ትንንሾቹን ማንበብ ያለመቻሉ ግን አሁንም ቆሞ ይቀራል፤ ሁለቱም እኩል ሰባት ሳምንት ነበራቸው፤ የሚለያቸው መዳሰሳቸውና አለመዳሰሳቸው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። በ2015 የዚሁ የሲንሃ ቡድን በተመሳሳይ ሁኔታ ዓይናቸው ለበራላቸው ዘጠኝ ልጆች ሁለት የታወቁ ማታለያዎችን አሳየ። አንደኛው ፖንዞ የሚባለው ነው፤ እንደ ባቡር ሐዲድ በሚጠቡ መስመሮች መካከል የተቀመጡ ሁለት እኩል መስመሮች፣ የላይኛው ረዝሞ የሚታይበት። ሌላው የሚዩለር ላየር ቀስቶች ናቸው፤ እኩል የሆኑ ሁለት መስመሮች ጫፋቸው ላይ ባሉት የቀስት ክንፎች አቅጣጫ ምክንያት አንዱ ረዝሞ የሚታይበት። ልጆቹ ማየት እንደጀመሩ ተታለሉ! ሐዲድ ርቆ ሲጠብ አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ማታለያው የዓመታት ልምድ ውጤት ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይገባም ነበር። ቢያንስ የእነዚህ ሁለቱ ምንጭ አንጎል ሲፈጠር ይዞት ከመጣው አሠራር ይመስላል።

ታዲያ ኤስ. ቢ.ን ምን አዳነው? የማምነውን ልናገር፤ ግምት መሆኑን ግን አንባቢ ይያዝልኝ። ልጆቹ ልጆች ናቸው፤ እርሱ ሃምሳ ዓመት በጣቱ የኖረ ሰው ነው። ጣት ሙሉውን ነገር በአንድ ጊዜ አይይዝም፤ ከጫፍ ይጀምርና መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። ኤስ. ቢ. የሄሪንግን መስመር ያየው እንደዚያ ይመስለኛል፤ በዓይኑ እየዳሰሰ፣ ጨረሮቹን ትቶ መስመሩን ብቻ ተከትሎ። ማታለያው ደግሞ የሚሠራው መስመሩንና ጨረሮቹን አንድ ላይ ለሚያይ ሰው ነው። በ1996 በታተመ ጥናት በልጅነታቸው የታወሩ ሰዎች ብሬይል ሲያነቡ በአንጎላቸው ኋላ ያለው የእይታ ክፍል እንደሚሠራ ታይቷል። ቦታው ባዶ አይቀመጥም፤ ጣት ይከራየዋል። በ1959 ይህን የሚያሳይ መሣሪያ ስላልነበረ በኤስ. ቢ. አንጎል ውስጥ የሆነውን የለካ የለም። ዓይኑ ሲበራ ግን ቤቱን በተከራይ ተይዞ ያገኘው ይመስለኛል።

ከእርሱ በኋላ የመጣ ሌላ ሰው ይህን ያጠናክራል። በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ፣ በሦስት ዓመቱ ታውሮ በ43 ዓመቱ በ2000 አንድ ዓይኑ የበራለት ሰው ነው። በ2003 በታተመው ጥናት መሠረት እንቅስቃሴንና ቀለምን ደህና አድርጎ ያያል፤ የሰውን ፊት መለየት ግን ይቸግረዋል። የኔከርን ኪዩብ ሥዕል ሲያሳዩት ያየው መስመሮች ያሉበት ካሬ ነበር። ሥዕሉን በኮምፒውተር ሲያሽከረክሩለት ግን ኪዩብ መሆኑን ወዲያው አወቀ። እንቅስቃሴ በሕይወት መጀመሪያ ላይ ቶሎ የሚበስል ስጦታ ሳይሆን አይቀርም፤ ሦስት ዓመት በቃው። ኤስ. ቢ.ም ለንደንን ሲጎበኝ ሕንፃዎቹ ሰለቹት፤ ዓይኑን የሳበው የሚንቀሳቀሰው ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ

ከሆስፒታል ሲወጣ የነበረው ደስታ አልቆየም። ዕውር ሳለ በድፍረት የሚያቋርጠውን መንገድ አሁን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘውት እንኳ መሻገር ፈራ። መኪኖቹ ይታዩታል፤ ምን ያህል እንደራቁና በምን ፍጥነት እንደሚመጡ ግን እይታው አይነግረውም። የሚያስፈራው ነገር ታየው፤ የሚገመትበት ችሎታ አብሮ አልመጣም።

ዓለምም አሳዘነችው። ደማቅ ቀለሞችን ይወዳል፤ የተላጠ ቀለምና የተበላሸ ነገር ሲያይ ግን ይከፋው ነበር። ሲመሽ ብርሃኑ ሲጠፋ ቅር ይለዋል። ዓይነ ስውር ሳለ የሠራው ሁሉ ይደነቅለት ነበር፤ አሁን የሚያይ ሰው ተብሎ ሲለካ የማይችለው በዛ። መስታወት ብቻ አልሰለቸውም፤ በሚያዘወትረው መጠጥ ቤት መስታወቱ ሰዎቹን ሲያሳየው ቁጭ ብሎ ይመለከት ነበር። ቤቱ ሲሆን ደግሞ ብዙ ምሽት መብራት ሳያበራ በጨለማ ይቀመጣል። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገለት ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1960፣ አረፈ።

ለተመራማሪዎቹ የሣላቸው አውቶቡሶች ቀርተዋል። የመጀመሪያውን የሣለው ሰባት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። መንኮራኩሮቹ ላይ በዓይን የማይታዩ የብስክሌት ዓይነት ዘንጎች አሏቸው፤ እጁ የሚያውቀው መንኮራኩር እንደዚያ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የሣለው ተሻሻለ፤ ዓመት ሲሞላው የሣለው ላይ ዘንጎቹ ጠፍተው ጽሑፍ ተጨምሮበታል፤ በጣቱ ያልተማራቸው ትንንሽ ፊደላት ሳይቀሩ። የአውቶቡሱ አፍንጫ፣ ሞተሩ ያለበት የፊት ክፍል ግን በአንደኛው ሥዕል ላይ የለም፤ በሁለተኛውም የለም፤ በሦስተኛውም የለም። አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር በሩን፣ መወጣጫውንና ወንበሩን ይዟል። ፊቱን አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም።